«ምንም የለብሽም» ከተባልኩ በኋላ

(ይህ ጽሑፍ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ለታማሚዎች፣ ለአስታማሚዎችና ለነርሲንግ ተማሪዎች ስለ ነርቭ አሠራር መዛባት (ኤፍኤንዲ) ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል ያልኩትን ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ተቀምጬ ስናገር ቅር አይበላችሁ። መቆም አቅቶኝ አይደለም፤ ዛሬ እንኳ ከፒያሳ እዚህ ድረስ በእግሬ ነው የመጣሁት። ነገር ግን ቆሜ ስናገር ሐሳቤ ወደ እግሬ ይወርዳል፤ ሐሳቤ እግሬ ላይ ካረፈ ደግሞ እግሬ ይከዳኛል። ነገሩ እንግዳ ይመስላል። እኔም ራሴ እስኪገባኝ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

የባንክ ካሸር ነበርኩ። የዛሬ አምስት ዓመት የካቲት ላይ ኃይለኛ ጉንፋን ጥሎኝ ሰንብቼ፣ ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ከወንበሬ ልነሣ ስል ቀኝ እግሬ አልነሣም አለ። አላመመኝም፣ ዝም ብሎ የሌላ ሰው እግር ሆነብኝ። ባልደረቦቼ ግራና ቀኝ ደግፈው ታክሲ ውስጥ አስገቡኝ። በዚያው ሳምንት ቀኝ እጄም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብር የሚቆጥር እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የደም ምርመራ፣ ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይ። እናቴ ጣራ ልታሳድስበት የያዘችውን የእቁብ ብር አወጣች። የመጨረሻውን ፊልም ይዘን ስንገባ ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየውና «ደስ ይበልሽ፣ ምንም የለብሽም» አለኝ። ካርዴን ዘግቶ ቀጣዩን ተረኛ ጠራ። በክራንች ገብቼ በክራንች ወጣሁ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ደጁ ላይ ኮሪደሩን የሞላ ሰው ይጠብቀው ነበር። ግን ያቺ ቃል ያደረሰችብኝ ጉዳት እግሬ ካደረሰብኝ ይበልጣል። «ምንም የለባትም» የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ምንም ከሌለባት ታዲያ ለምን ታነክሳለች? አንዷ «ዛር ነው፣ ከአያቷ የወረደ ነው» አለች። ሌላዋ «ትዳር ስላልያዘች ነው» አለች። መሥሪያ ቤት አንድ አለቃዬ ፊት ለፊቴ «ፈቃድ ከፈለግሽ በግልጽ ጠይቂ» አለኝ። ከሁሉ የከፋው ግን ሌሊት ላይ ራሴን የምጠይቀው ነበር። «እውነት እያስመሰልኩ ይሆን?» እላለሁ። ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ በጨለማ ከአልጋዬ ወርጄ፣ ግድግዳ ይዤ፣ እግሬን ለማንሣት እታገላለሁ። ስንት ጊዜ እንደወደቅሁ እኔና እግዚአብሔር ነን የምናውቀው። የሚያስመስል ሰው ማንም በማያየው ሰዓት በጨለማ እየወደቀ አያስመስልም። ይህን ለራሴ መንገር የቻልኩት ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በሽታዬ ስም ያገኘው በሁለተኛው ዓመት ነው። ዘመድ ያመላከተን አንድ ወጣት የነርቭ ሐኪም አልጋው ላይ በጀርባዬ አስተኛኝ። መዳፉን ከቀኝ ተረከዜ ሥር አስገባና «እጄን ወደ ታች ተጫኚው» አለኝ። ታገልኩ። ግንባሬ ላይ ላብ ወጣ፤ መዳፉ ላይ ያረፈ ኃይል ግን የለም። እጁን ከዚያው ሳያወጣ ሌላኛውን እጁን ግራ ጭኔ ላይ ጫን አደረገና «አሁን ደግሞ ግራ እግርሽን አንሺ፤ እኔ እከለክልሻለሁ፣ አንቺ አሸንፊኝ» አለኝ። ሐሳቤን ሁሉ ግራ እግሬ ላይ አድርጌ አነሣሁ። ሐኪሙ ፈገግ አለ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገ። «እማማ፣ እስቲ እጅዎን ያምጡ» ብሎ የእናቴን መዳፍ በእሱ መዳፍ ቦታ ከተረከዜ ሥር አኖረና እንደገና ግራ እግሬን እንዳነሣ አዘዘኝ። እናቴ «እንዴ! እየተጫነችኝ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ አለቀሰች።

ይህ ምርመራ የሁቨር ምልክት ይባላል። ቻርልስ ሁቨር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1908 የገለጸው ነው። ማሽን አይፈልግም፤ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ተኝተን አንድ እግራችንን በኃይል ስናነሣ ሌላኛው እግር ማንም ሳያዘው ለሚዛን ሲል ወደ ታች ይጫናል። የእኔ ቀኝ እግር ሲታዘዝ እምቢ ይላል፤ ሳይታዘዝ ግን ይሠራል። ስለዚህ ነርቩ አልተቆረጠም፣ ጡንቻውም አልሞተም። የታወከው ፈቃዴ እግሬ ጋ የሚደርስበት መንገድ ነው።

«ምንም የለብሽም አልልሽም» አለኝ ሐኪሙ። «ያለብሽ ፈንክሽናል ኒውሮሎጂካል ዲስኦርደር ይባላል። ይህን የምልሽ ሌላ በሽታ አጥቼብሽ አይደለም፤ ምልክቱን በእጄ ስላገኘሁት ነው።» እናቴ ግራ ገባት። ስልኳን ከእጇ ተቀበለና «ይህ ስልክ አልተሰበረም፤ ሲሙ ደህና ነው፤ ታወሩም በቦታው አለ። ግን ደውለው መስመር አልገባ ብሎዎት አያውቅም?» አላት። «ኧረ በቀን አሥር ጊዜ!» አለች። «የልጅዎ እግር እንደዚያ ነው» አላት። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጠየቃት ሁሉ «ኔትወርክ ነው፣ እግሯ ደህና ነው» ትላለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም።

እስቲ ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። ባጭሩ ኤፍኤንዲ እንለዋለን፤ እኔ በአማርኛ ሳስረዳ «የነርቭ አሠራር መዛባት» እላለሁ። የአንዱ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የሌላው እግር ይዝላል፣ የአንዷ ድምፅ ይጠፋል፣ የሌላዋ ዓይን ይጋረዳል። ብዙዎችን ደግሞ የሚጥል በሽታ በሚመስል ሁኔታ ይጥላቸዋል። ድካምና ውጋት አብረውት ይመጣሉ። ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ወንዶችንም ልጆችንም ግን አይምርም። ብርቅ በሽታ ይመስላችኋል። በስኮትላንድ የነርቭ ክሊኒኮች በተደረገ ሰፊ ጥናት ግን ሰዎችን ወደ ነርቭ ሐኪም ካመጡ ምክንያቶች መካከል ከራስ ምታት ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ የተገኘው ይኸው ዓይነት ሕመም ነው።

መነሻው ለሁሉም አንድ አይደለም። እንደ እኔ ከኢንፌክሽን በኋላ የጀመረው አለ፤ ወድቆ እግሩ ከተመታ በኋላ፣ ከማይግሬን በኋላ፣ ከድንጋጤ በኋላ የጀመረውም አለ። ሐዘንና መከራ ያለፈባቸው ብዙ ናቸው፤ ምንም የተለየ ነገር ያልገጠማቸውም አሉ። ለዚህ ነው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 መመሪያውን ሲያድስ፣ በሽታውን ለመለየት የግድ የሥነ ልቦና መንሥኤ መገኘት አለበት የሚለውን መስፈርት ያስቀረው። «የሆነ የደበቅሽው ነገር አለ፣ አውጪው» ተብላችሁ የተመረመራችሁ፣ እህቶቼ፣ ያ ጥያቄ ያለፈበት ነው። ያሳለፋችሁት ነገር ካለ ማውራቱ ሊረዳችሁ ይችላል። ከሌለ ግን አትፈልሰሙ።

የድሮ ስሙ ሂስቴሪያ ነው፤ ማህፀን ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ሳልፔትሪዬር በተባለው ሆስፒታል ሻርኮ የተባለው ስመ ጥር የነርቭ ሐኪም እነዚህን ታማሚዎች በአዳራሽ ለታዳሚ ያሳይ ነበር። ከእሱ በኋላ የነርቭ ሐኪሞች «የእኛ አይደለም» ብለው ለአእምሮ ሐኪሞች ተዉት፤ እነሱ ደግሞ «እግር የነርቭ ነው» አሉ። በሁለቱ መካከል የወደቀው ታማሚ ነው። ዛሬም ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ወረቀት ይዞ የሚመላለስ ሰው ስታዩ ያ የመቶ ዓመት ታሪክ ነው የሚያመላልሰው። አሁን በአእምሮ ምስል የሚደረጉ ጥናቶች «ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ» የሚለውን ስሜት በሚሰጡን የአእምሮ ክፍሎች ላይ የአሠራር ልዩነት አሳይተዋል። ሆን ብሎ የሚያስመስል ሰው አእምሮ ከዚህ ይለያል።

አንድ ፍርሃት እንዳለባችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ነበረብኝ። «ሌላ በሽታ ቢሆንስ? ቢስቱስ?» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንዲህ ዓይነት የምርመራ ስሕተት ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ግን ከ1970ዎቹ ወዲህ ስሕተቱ ወደ 4 በመቶ መውረዱን አሳይቷል፤ ይህም ከሌሎች የነርቭና የአእምሮ በሽታዎች የባሰ አይደለም። ኤፍኤንዲ ያለበት ሰው ሌላ በሽታ አይዘውም ማለት ግን አይደለም። አዲስ ምልክት ከመጣ «ያው ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ታዩ።

የነርቭ ሐኪም ለማግኘት ወረፋው ስንት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር ሐኪሞቹ ገና በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም እዚሁ ከተማ ነው ያሉት። ከጎንደር፣ ከጅማ መጥቶ መርካቶ አልጋ ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለ። ያ ሰው ተራው ሲደርስ «ምንም የለብህም» ተብሎ ቢመለስ ምን ይዞ ነው የሚመለሰው? እዚህ ያላችሁ የነርሲንግ ተማሪዎች፣ ልለምናችሁ። ጊዜ ባይኖራችሁ እንኳ «ሕመምህ እውነት ነው፣ ስም አለው፣ ሊሻሻልም ይችላል» ለማለት ጊዜ አይጠብም።

ስለ አእምሮ ሐኪምም ላንሣ። አማኑኤል ሆስፒታል በዚህ ከተማ ስንቱን የታደገ ቦታ ሆኖ ሳለ፣ ስሙን ግን ሰው ለስድብ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ሐኪሜ «የሥነ ልቦና ባለሙያም ብታዪ ጥሩ ነው» ሲለኝ ጆሮዬ የሰማው «አብደሻል» የሚለውን ነው። ሦስት ወር አልሄድኩም። ያ ሦስት ወር ይቆጨኛል። ስሄድ ያገኘኋት ሴት ስለ ልጅነቴ አልጠየቀችኝም። እግሬ ከመክዳቱ በፊት ባለው አንድ ደቂቃ ሰውነቴ ውስጥ ምን እንደሚሆን ነው የጠየቀችኝ። ደረቴ እንደሚጠብ፣ ዓይኔ ወለሉን እንደሚፈልግ ከእሷ ጋር ነው ያወቅሁት። አሁን ያንን ምልክት ሳይ ዓይኔን አንሥቼ የሱቅ ማስታወቂያ አነባለሁ። ፒያሳ ማስታወቂያ አይጠፋም።

አሁን ወደ ፊዚዮቴራፒው ልምጣ፤ ከሁሉ የምወደው ይህን ስናገር ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ መጀመሪያ ያለችኝ «እግርሽን አትዪ» ነው። ኮሪደሩ ላይ ወደ ፊት ስሄድ የሚጎተተው እግሬ፣ ወደ ኋላ ሂጂ ስትለኝ ተራመደ። ለምዶ የተበላሸው ወደ ፊት መሄዱ ነው እንጂ የኋሊቱን ማንም አላበላሸውም። ቀጥላ ሁለት እግሬን አራርቄ አቆመችኝና ክብደቴን ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ እንዳደርግ ነገረችኝ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የምታየን እናቴ «ይኼማ ሽብሸባ ነው!» አለች። ፊዚዮቴራፒስቷ ዞር ብላ አየቻትና «እንግዲያው እማማ፣ ይነሡና ያስጀምሩን» አለቻት። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። መዝሙር በለሆሳስ ጀመረች፣ በእጇ ቀስ እያለች አጨበጨበች። እኔ የእሷን ትከሻ እያየሁ፣ ትከሻዋ ሲሄድ እየሄድኩ፣ ክራንቼ ግድግዳ ላይ ቆሞ እንደቀረ ያወቅሁት አምስት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው።

እንደ ተአምር አትውሰዱት። ሳውቀው ወዲያው ጉልበቴ ከዳኝና ፊዚዮቴራፒስቷ ያዘችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ለገሀር አስፋልት ላይ ወድቄ ሰው ተሰበሰበብኝ። ግን እግሬ የሚሠራበት በር እንዳለ አይቻለሁ። በየጠዋቱ ቡና ሳይፈላ በፊት እኔና እናቴ ሳሎን ውስጥ እናሸበሽባለን። አምስት ደቂቃ ብቻ፤ ደህና ቀንም ክፉ ቀንም አምስት ደቂቃ። ይህን ልብ በሉልኝ። ደህና ቀን ሲያጋጥመን ያለፈውን ሁሉ ላካክስ ብለን ቤት እናጥባለን፣ ገበያ እንወጣለን፤ ከዚያ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ነን። እኔን ከስፖርቱ ያላነሰ የረዳኝ በደህና ቀን ልክ ማወቅ ነው።

መዋሸት ደግሞ አልፈልግም። ብሪታንያ ውስጥ 355 ታማሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ለዚህ በሽታ የተዘጋጀ ፊዚዮቴራፒን ከተለመደው ጋር አወዳድሮ ነበር። በዋናው የአካል ብቃት መለኪያ ልዩነት አልታየም፤ እንቅስቃሴያቸው መሻሻሉን የተናገሩት ግን በልዩው ሕክምና በኩል ያሉት ይበዙ ነበር። በ2020 የወጣው፣ የሚጥላቸው 368 ሰዎች የተሳተፉበት የንግግር ሕክምና ጥናትም እንዲሁ ነው፤ የመውደቁ ቁጥር ይህን ሕክምና ካላገኙት ይልቅ ብዙም አልቀነሰም፣ በኑሯቸው ላይ ግን ለውጥ አግኝተዋል። የሚድን አለ፤ የሚሻለው አለ፤ አብሮት የሚኖርም አለ። እኔ ከሚሻላቸው ነኝ። ወደ ባንኩ መስኮት አልተመለስኩም፤ አሁን የአክስቴን የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሒሳብ እይዛለሁ። እጄ ሲደክመኝ ዛሬም ይንቀጠቀጣል።

ጸበልን በተመለከተ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁና አስቀድሜ ልናገር። እንጦጦ ሁለት ሱባዔ ገብቻለሁ። አልቆጨኝም። በዚያ ዘመን «ምን ሆነሽ ነው?» ሳይለኝ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ያገኘሁት እዚያ ነው። የሚቆጨኝ መድኃኒታቸውን በር ላይ ጥለው የገቡ ሰዎችን ማየቴ ነው። ጸበሉንም ክኒኑንም ያዙ። የሚጥል በሽታ መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ነፍስ ሊያሳጣ ይችላል፤ ሐኪም ብቻ ነው ቀስ በቀስ የሚያስቆመው። ኤፍኤንዲ ነው የሚጥላችሁ የተባላችሁም ብትሆኑ፣ ሁለቱም በሽታ ያለበት ሰው አለና በራሳችሁ አታቋርጡ።

ስለሚጥላቸው ሰዎች ይህን ልጨምር። በየወሩ አብረውን ከሚሰበሰቡት ታማሚዎች አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ስታዲየም ታክሲ ውስጥ ሲጥለው ረዳቱ ክብሪት ጭሮ ሊያሸተው፣ አንዱ ተሳፋሪ ጣቱን ፈልቅቆ ሊይዘው፣ ሌላው አፉ ውስጥ ቁልፍ ሊከት ሲረባረቡ ነበር። ያኔ የጣቶቹ ቆዳ ተቃጥሎ ነው ቤቱ የገባው። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ አንዲት ካርድ ጻፈለት፤ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ናት። እንዲህ ትላለች፦ «ስወድቅ አትደንግጡ። የሚያቆስለኝን ነገር አርቁልኝ። አትያዙኝ፣ አፌ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪት አታሽቱኝ። አጠገቤ ሆናችሁ በቀስታ አናግሩኝ፤ እሰማችሁ ይሆናል።» ባለፈው ወር ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ ጣለው። አንዲት ሴት ካርዷን አውጥታ ለታክሲው ሁሉ ጮክ ብላ አነበበች። ሾፌሩ ጥግ ይዞ አቆመ። ሲነቃ ራሱን ያገኘው የዚያች ሴት ነጠላ ላይ ተንተርሶ ነው። ካርድ የሌለው፣ ከዚህ በፊት ጥሎት የማያውቅ፣ የተጎዳ ወይም ከአምስት ደቂቃ በላይ የቆየ ሰው ካጋጠማችሁ ግን ስለ ዓይነቱ አትመራመሩ፤ በ907 ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ደውሉ።

ድጋፍ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስለናል። የሰፈሬን አንዲት ጎረቤት ላንሣ። ከቤቴ እስከ አስፋልት ያለውን ዳገት አንድ ትንፋሽ አልወጣውም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ደጇ ላይ አንዲት የመቀመጫ ዱካ አየሁ። ተቀመጥኩ። በማግስቱም አለች። ክረምት ሲገባ ላስቲክ አለበሰቻት። እስከ ዛሬ በሽታዬ ምን እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ያቺን ዱካ ለእኔ እንዳስቀመጠችም በቃሏ አልነገረችኝም።

እኛ ሰባት ሆነን ነው የጀመርነው። ፊዚዮቴራፒ ወረፋ ላይ የተዋወቅን ሰዎች ነን። በውጭ አገር እ.ኤ.አ. በ2012 ታማሚዎች ያቋቋሙት ኤፍኤንዲ ሆፕ የሚባል ድርጅት አለ፤ ጆን ስቶን የተባለ የኤድንብራ ነርቭ ሐኪምም ከ2009 ጀምሮ ለታማሚዎች የሚሆን መረጃ በኢንተርኔት ያቀርባል። ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚችለው ያነብልናል፣ በአማርኛ እንወያያለን። ሦስት ነገር ተስማምተናል። ማን እንደባሰበት አንወዳደርም፤ የማንንም መድኃኒት አናስቆምም፤ የቀረ ሰው ካለ በዚያው ቀን ማታ ይደወልለታል። አስታማሚም ይመጣል። ባሎችና እናቶች ከእኛ ይልቅ ብዙ ያወራሉ፤ ለካ እነሱን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

የምንገናኘው በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ክፍል ነው። ክፍሉን የመረጥነው ደረጃ ስለሌለውና መጸዳጃው በዚያው ወለል ላይ ስለሆነ ነው። ታክሲ ተራ ደርሶ ከዚያ መራመድ የሚያቅተው ሰው ካለ በር ላይ ላለችው ልጅ ስሙንና ስልኩን ይተው። ቅዳሜ ሰው እንልክለታለን።